ሉፕ አንቴና ጫጫታ የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አፓርትመንት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የአማተር ሬዲዮ ጄኔራል ፈቃድ አውጥቻለሁ። ለጊዜው የምፈልገው ማዳመጥ ነው፤ በተለይ የአዲስ አበባውን የአማተሮች ክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ መያዝ። በረንዳው ላይ አሥር ሜትር ሽቦ ዘርግቼ ከኤስዲአር (በኮምፒውተር የሚሠራ) ሪሲቨር ጋር አገናኝቼዋለሁ። ሪሲቨሩ ላፕቶፕ ላይ ነው የተሰካው። 14 ሜጋኸርዝ ላይ ማንም ሳያወራ ጫጫታው ኤስ8 ይላል። ጓደኛዬ ‹ማግኔቲክ ሉፕ፣ ያን ክብ አንቴና፣ ግዛ፤ የቤት ጫጫታ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሉፕ ደግሞ ማግኔቱን ብቻ ስለሚሰማ ጫጫታው አይገባም› አለኝ። እውነት ነው? ከሆነስ ልግዛ ወይስ ልሥራ?»

ወንድሜ፣ ምክሩ ጥሩ ነው። ምክንያቱ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሉፕ ላንተ ቤት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሚጠቅምበትን ትክክለኛ ምክንያት ካላወቅህ ግን ገዝተህ ሽቦው የነበረበት ቦታ ትሰቅለዋለህ፣ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ትሰካዋለህ፣ ከዚያ «ሉፕ የሚባለው ነገር ውሸት ነው» ትላለህ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል።

መጀመሪያ ኤስ8 ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ኤስ ሪሲቨሩ የገባውን ጉልበት የሚያሳይበት መለኪያ ነው። በአጭር ሞገድ ኤስ9 ማለት −73 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር የሚለካ ኃይል) ነው። ከአንዱ ኤስ ወደ ሌላው 6 ዲሲቤል ነው፤ ማለት በኃይል አራት እጥፍ። ስለዚህ ያንተ ጫጫታ −79 ዲቢኤም አካባቢ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ጫጫታን በአካባቢ ዓይነት ለይቶ የሚያሰላበት ፒ.372 የሚባል ሰነድ አለው። በዚያ ስሌት ከሄድን፣ 14 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ለድምፅ በምንጠቀምበት 2.7 ኪሎኸርዝ ስፋት፣ የከተማ ጫጫታ −95 ዲቢኤም ገደማ ይሆናል። በኤስ ሜትር ከ5 ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ፀጥ ያለ ገጠር ብትሄድ ደግሞ ኤስ2 አካባቢ ይወርዳል፤ እዚያ የሚቀረው በአብዛኛው ከህዋ የሚመጣው ሽሽታ ነው።

እንግዲህ ያንተ ከከተማውም በ16 ዲሲቤል ይበልጣል። በኃይል ሲታይ 40 እጥፍ ነው። የኤስዲአር ኤስ ሜትር ሁሌ ልኩን አይናገርም፣ ጥቂት ዲሲቤል ወዲያና ወዲህ እንበል። ያም ሆኖ ይህ የከተማው ጫጫታ አይደለም። የራስህ ቤት ወይም የግድግዳ ጎረቤትህ ነው። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ምክንያቱም የቅርብ ጫጫታ መፍትሔ አለው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅህ። ሉፕ የሰካህ ዕለት ኤስ ሜትሩ ከ8 ወደ 3 ሊወርድ ይችላል። አትጨፍር። ትንሽ ሉፕ ከረጅም ሽቦ ጋር ሲነጻጸር የሚያመጣው ቮልቴጅ ትንሽ ነው፤ ጫጫታውም ሲግናሉም አብረው ይወርዳሉ። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ጆሮህን በእጅህ ብትደፍን ባንዱም አጠገብህ የሚያወራህ ሰውም እኩል ነው የሚቀንሱት። መመዘን ያለበት ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል ጎልቶ ወጣ የሚለው ብቻ ነው። ለዚህ ኤፍቲ8 የሚባለው፣ ኮምፒውተር የሚያነበው የአማተሮች አጭር መልእክት ዘዴ፣ ግሩም መለኪያ ነው። 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ቁጭ በል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጣቢያ በዲሲቤል ቁጥር ይሰጥሃል። በሽቦው ጥቂት ዙር ስማ፣ ወዲያው ወደ ሉፑ ቀይር፣ እንደገና ወደ ሽቦው ተመለስ። አንዱ ጣቢያ ከ−18 ወደ −10 ከመጣ ያ እውነተኛ ትርፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይተህ አትፍረድ፤ አየሩ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጓደኛህን ሐሳብ እንመርምረው።

ከምንጩ ራቅ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ኤሌክትሪኩና ማግኔቱ ተቆራኝተው ነው የሚጓዙት። ምጥጥናቸው ቋሚ ነው፣ 377 ኦኸም። አንዱን ሰማህ ማለት ሌላውንም ሰማህ ማለት ነው። ሦስት ብሎክ ማዶ ያለ የመብራት መስመር የሚያወጣው ብልጭታ አንተ ጋ ሲደርስ ከኢቲ3ኤኤ ሲግናል በዚህ ረገድ ልዩነት የለውም። ሉፑ «ይሄ ጫጫታ ነው፣ ይሄ ወዳጅ ነው» ብሎ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ምጥጥኑ የሚዛባው ምንጩ አጠገብ ስትሆን ብቻ ነው። የቅርቡ ድንበር የሞገዱ ርዝመት ለ6.28 ተካፍሎ የሚገኘው ርቀት ነው። 7 ሜጋኸርዝ ላይ ወደ 6.8 ሜትር ይሆናል። 14 ሜጋኸርዝ ላይ 3.4 ሜትር ብቻ። በዚህ ክልል ውስጥ ጓደኛህ ያለው ነገር ይሠራል፤ ያውም በከፊል። አጭር ሽቦው ላይ ቮልቴጅ የሚያንቀጠቅጥ ርካሽ ቻርጀር አጠገቡ የሚፈጥረው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። አንድ ሜትር ርቀት ላይ 14 ሜጋኸርዝ ቢሆን ሉፕ ከሽቦ አንቴና ጋር ሲወዳደር 10 ዲሲቤል ያህል ጥቅም ያገኛል። ግን ተቃራኒውም አለ። ጫጫታውን የሚፈጥረው ክብ ሠርቶ የሚዞር ከረንት ከሆነ፣ ለምሳሌ የሶላር ፓነል ገመድ ወይም ሰፋ ብሎ የተዘረጋ የኤልኢዲ መብራት ሽቦ፣ አጠገቡ ያለው መስክ በአብዛኛው ማግኔቲክ ነው። ያን ጊዜ ሉፑ ከሽቦው የባሰ ይሰማዋል።

ስለዚህ «ማግኔቱን ብቻ ስለሚሰማ» የሚለው ሳሎንህ ውስጥ ላለ ጫጫታ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ከዚያ ላለፈው አይሠራም። ሉፕ ግን ከሳሎን ውጭ የሚመጣውንም ሲቀንስ ይታያል። ታዲያ ሚስጥሩ ምንድን ነው?

እኔ ሁለት ነው እላለሁ፤ ከሁለቱ ደግሞ ብዙ ሰው የማያወራለት የመጀመሪያው ይበልጣል።

የበረንዳህን ሽቦ አስበው። አንቴና ሁለት ጫፍ ይፈልጋል። ከረንት በአንዱ ሲወጣ በሌላው መመለስ አለበት። አንተ የሰጠኸው አንዱን ጫፍ ነው፣ አሥር ሜትሩን ሽቦ። ሁለተኛውን ጫፍ ማን ሰጠ? ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደው የአንቴና ገመድ (ኮአክስ) ውጫዊ መረብ። መረቡ ሪሲቨሩ ጋ ይደርሳል፣ ከሪሲቨሩ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፑ፣ ከላፕቶፑ በቻርጀሩ ወደ ግድግዳው ሶኬት፣ ከሶኬቱ ወደ ሕንፃው ሽቦ በሙሉ። አየኸው? የአንቴናህ ግማሹ የአፓርትመንቱ የመብራት መስመር ነው። የጎረቤትህ ዲመር (መብራት ማደብዘዣ)፣ የሊፍቱ ሞተር መቆጣጠሪያ፣ የራስህ ላፕቶፕ ቻርጀር፣ ሁሉም አንቴናህ ላይ ቀጥታ ተሰክተዋል ማለት ይቻላል። ሽቦውን አርዝመህ የምታተርፈው ነገር የለም። አምፕሊፋየር ብትጨምር ደግሞ ጫጫታውን ነው የምታጎላው።

ሉፕ ራሱን የቻለ ነው። ዙሪያውን ገጥሞ ራሱ ላይ ይዘጋል። ከረንቱ የሚዞረው እዚያው ክቡ ውስጥ ነው። መሬት አይፈልግም፣ ሕንፃውን አይበደርም። ከተመጣጠነ፣ ማለት ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ በኮአክሱ መረብ ላይ የሚመጣው ጫጫታ በሁለቱም ጎን እኩል ይገባና ይጠፋፋል። ብዙ ሰው «ሉፕ ገዝቼ ዓለም ተለወጠች» የሚለው በአብዛኛው ይህን ነው ያገኘው። ከመብራት መስመሩ ተላቀቀ።

እዚህ ላይ ስለ ጋሻው ላንሳ፤ ከኮአክስ የሚሠራ፣ አናቱ ላይ መረቡ የተቆረጠ ሉፕ አይተህ ይሆናል። «መረቡ የኤሌክትሪክ መስክን ይከለክላል፣ ማግኔቱን ያሳልፋል» ይሉሃል። አይደለም። በአጭር ሞገድ መረቡ ራሱ ነው አንቴናው። ከውጭ በኩል ከረንት ይዞራል፣ በተቆረጠው ክፍተት ላይ ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ ያ ቮልቴጅ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ጋሻው የሚጠቅመው ክፍተቱ ልክ መሐል ላይ ስለሆነ ሉፑን ስለሚያመጣጥነው ነው። በሌላ መንገድ ካመጣጠንከው፣ በጥሩ ትራንስፎርመር ለምሳሌ፣ ያለ ጋሻም ያው ነው። ስለዚህ «ሺልድድ» (ጋሻ ያለው) ተብሎ ስለተጻፈበት ብቻ ዋጋ አትጨምር።

ሁለተኛው ሚስጥር ማዞር ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ትንሽ ሉፕ በሁለት አቅጣጫ ይሰማል፣ በሁለት አቅጣጫ ደንቆሮ ነው። የሚሰማው በጠርዙ በኩል ነው። በክቡ ቀዳዳ አሻግረህ የምታይበት አቅጣጫ ደግሞ የማይሰማበት ነው። ትልቅ፣ አንድ ሙሉ ሞገድ የሚያህል ሉፕ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ እዚህ የምናወራው ዙሪያው ከሞገዱ አንድ አሥረኛ እምብዛም ስለማይበልጠው ነው። ይህን ማመን ከፈለግህ ቤት ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ አድርገህ አንድ ጣቢያ ያዝና ሬዲዮውን በዝግታ አዙረው። አንድ ቦታ ላይ ጣቢያው ድርግም ይላል። ውስጡ ያለው ፌራይት (ማግኔትነት ያለው ጥቁር ሴራሚክ) ላይ የተጠመጠመ ሉፕ ነው። ድሮ አያቶቻችን ዜና ሰዓት ላይ ሬዲዮኑን እያዞሩ የሚያስተካክሉት ለዚሁ ነበር።

የዚህ ነገር ውበት የሚሰማበት ሰፊ፣ የማይሰማበት ጠባብ መሆኑ ነው። ከጠርዙ 30 ዲግሪ ብትስት የምታጣው 1.3 ዲሲቤል ያህል ነው፤ ጆሮህ አያውቀውም። ከደንቆሮው አቅጣጫ ግን 5 ዲግሪ ብትስት ቅነሳው 21 ዲሲቤል ላይ ይቆማል፤ 1 ዲግሪ ድረስ ብታነጣጥር 35 ይደርሳል። ስለዚህ ሉፕ ወደ ጣቢያው አይዞርም። ጀርባውን፣ ማለት ደንቆሮውን የቀዳዳ በኩል፣ ለጫጫታው ነው የሚሰጠው። ጣቢያውን እርሳው፣ ጫጫታውን እየሰማህ አዙር፣ በጣም ሲቀንስ አቁም።

ላንተ እናስላው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ አዲስ አበባ አጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎሜትር ገደማ ነው። አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ነው፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ወደ ሰሜን ያዘነበለ። በካርታ አይታይህም፣ በሉል ላይ ክር ብትዘረጋ ታየዋለህ። እንግዲህ ጫጫታው ከ10 ዲግሪ፣ ከሰሜን በኩል ይመጣል እንበል። ሉፑን ጀርባውን ሰጠኸው፣ ጠርዙ 100 ዲግሪ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ ከጠርዙ 34 ዲግሪ ትርቃለች፤ የምታጣው ከ2 ዲሲቤል በታች ነው። ጫጫታውን 20 ቀንሰህ ሲግናሉን 2 ብታጣ የተጣራ ትርፍህ 18 ነው። ጫጫታው ከ40 ዲግሪ ቢመጣ ሲግናልህ 7 ዲሲቤል ይጎዳል፤ አሁንም አትርፈሃል። ጫጫታው ልክ በ66 ወይም በተቃራኒው በ246 ዲግሪ ከሆነ ግን ሉፕ ብዙም አያድንህም። ከኋላም ከፊትም እኩል ነው የሚሰማው፣ እኩል ነው የሚደነቁረው።

ትንሽ የሚያጽናና ነገር ልጨምር። የሰፈር ጫጫታ በመሬት ላይ ተስቦ፣ ከአንድ አቅጣጫ፣ አግድም ነው የሚመጣው። የሩቅ ጣቢያ ግን ከአዮኖስፌር፣ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር፣ ተንጸባርቆ ከላይ ወደ ታች ነው የሚገባው፤ በጉዞው ላይም ሞገዱ እየተጠማዘዘ ይመጣል። ስለዚህ ጣቢያው በደንቆሮው አቅጣጫ ቢሆንም እንኳን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከላይ የገባው ሞገድ የተወሰነውን ቀዳዳው ውስጥ ያሳልፋል። ይህ በተለይ 7 ሜጋኸርዝ ላይ የቅርብ አገር ጣቢያ ለሚሰማ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። ካንተ እስከ አዲስ አበባ ግን ሞገዱ ዝቅ ባለ ማዕዘን ስለሚገባ ብዙ አትመካበት።

መጽሐፍ ላይ ያለው 35 ዲሲቤል ደግሞ ሜዳ ላይ ነው። በረንዳህ የብረት አጥር አለው፣ ግድግዳው ውስጥ ብረትና የመብራት ሽቦ አለ። ጫጫታው ከሁሉም እየተንጸባረቀ በብዙ አቅጣጫ ይደርስሃል። ያን ጊዜ የማይሰማበት አቅጣጫ ይደበዝዛል፤ 10 ወይም 15 ዲሲቤል ካገኘህ አመስግን። እንዲህ ሲሆን ከማዞር ይልቅ አንድ ሜትር ወዲያ ማንቀሳቀስ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ሉፕ ቀላል ስለሆነ በእጅህ ይዘህ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር ፈልግበት። ከግድግዳው ራቅ፣ ከአጥሩ ከፍ። አንዳንዴ የሻወር ቤት መስኮት ከበረንዳ የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም እዚያ አካባቢ ያለው ሽቦ ጥቂት ነው።

አሁን ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ፍተሻ አድርግ። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ንቀል፣ በባትሪ ይሥራ። ጫጫታውን እይ። ከዚያ የቤትህን ብሬከር ሙሉ በሙሉ አጥፋ። እንደገና እይ። ቻርጀሩን ስትነቅል ብቻ ሁለት ሦስት ኤስ ከወረደ ሌባው ተያዘ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ መብራት ኃይል ይህን ፍተሻ በነፃ ይሠራላችኋል፤ መብራት ሲጠፋ ብሎኩ በሙሉ ነው የሚጠፋው። ሪሲቨሩን በባትሪ ያዙና መብራት ሲሄድ ምን ያህል ዝም እንደሚል ስሙ። ያ ዝምታ ሉፕና ማጣሪያ ሊያደርሷችሁ የሚችሉት ጫፍ ነው። ዝም ካላለ የአንዱ ጎረቤት ዩፒኤስ ወይም ኢንቨርተር ነው።

የጫጫታው መልክም ይናገራል። በኤስዲአሩ ስክሪን ላይ በየጥቂት አሥር ኪሎኸርዙ የሚደጋገም ወፍራም ጉብታ ካየህ፣ እሱም ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ፣ ቻርጀር ወይም የኤልኢዲ አምፖል ነው። ሻካራ፣ እንደ መጋዝ የሚሰነጥቅ፣ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ የመብራት መስመር ብልጭታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 100 ጊዜ ይሆናል፤ መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ።

ከዚያ ፌራይት። ይህን ሳታደርግ ሉፕ አትግዛ። 31 በሚባለው ዓይነት ፌራይት የተሠራ፣ ወደ 6 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ግዛ። ቀጭን ኮአክስ፣ አርጂ-58 ወይም አርጂ-174፣ ከ10 እስከ 12 ዙር ጠምጥምበት። ይህ በመረቡ ላይ ለሚመጣው ጫጫታ ብዙ ሺ ኦኸም ግድብ ይሆናል፤ ውስጥ ለሚሄደው ሲግናል ግን ምንም አያደርግም። አንዱን አንቴናው ጋ፣ ሌላውን ሪሲቨሩ መግቢያ ላይ አድርግ። ዩኤስቢ ገመዱ ላይም አንድ ይጨመር። በርግጠኝነት የምነግርህ፣ ሉፕ ያለ ፌራይት ከሆነ ኮአክሱ ራሱ አንቴና ይሆንና የሸሸኸው ጫጫታ በጓሮ በር ይመለሳል።

ልግዛ ወይስ ልሥራ ላልከው፣ ሁለት ዓይነት ሉፕ አለ። አንደኛው ሰፊ ባንድ ነው፣ ማለት ብዙ የፍሪኩዌንሲ ክልል በአንዴ የሚቀበል፤ አንድ የብረት ወይም የመዳብ ክብና ሥሩ ላይ የተሰካ አምፕሊፋየር። ባንድ ስትቀይር የምትነካው ነገር የለም፣ ከክፍልህ ሳትወጣ ትሠራለህ። ጥሩዎቹ በጣም ጥሩ ናቸው። ርካሾቹ ቻይና ሠራሽ ሉፖችም ይሠራሉ፤ ግን አብሮ የሚመጣው የኃይል ማስገቢያ ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ ስለሆነ ላፕቶፕ ላይ ወይም የስልክ ቻርጀር ላይ ከሰካኸው ጫጫታውን ራስህ በእጅህ አስገባኸው። በባትሪ ወይም በተጣራ ፓወር ሰፕላይ አሠራው። ሌላው ጣጣ ሰፊ ባንድ ስለሆነ የአካባቢውን ኤኤም ጣቢያዎች ሁሉ ጠራርጎ ያመጣል። ዋሽንግተን ዙሪያ ኃይለኛ ጣቢያዎች አሉ። አምፕሊፋየሩ ወይም ኤስዲአሩ ሲጨናነቅ የሌለ ሲግናል ይፈጥራል፣ ያም ጫጫታ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው በካፓሲተር፣ ቻርጅ በሚይዝ ተዟሪ ዕቃ፣ የሚቃኝ ነው። እኔ ላንተ የምመርጠው ይህን ነው፤ የምትፈልገው ጥቂት ባንድ ስለሆነ። አምፕሊፋየር የለውም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ከጥቂት አሥር ኪሎኸርዞች ብዙም የማይሰፋ ቁራጭ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ኤኤም ጣቢያው በሩ ላይ ይቀራል። አንዳንዱ ሰው ይህ ጥበት ራሱ ጫጫታ የሚቀንስ ይመስለዋል። አይደለም፤ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያለው ጫጫታ ከሲግናሉ ጋር አብሮ ይገባል። ጥበቱ የሚያድንህ ከመጨናነቅ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለማቀዝቀዣ ሥራ የሚሸጠውን ለስላሳ የመዳብ ቱቦ፣ 3/8 ኢንች፣ ሁለት ሜትር ተኩል ግዛ። 80 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ አድርገው። ጫፎቹ መሐል ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ የአየር ካፓሲተር አስገባ፣ ከ15 እስከ 365 ፒኮፋራድ የሚሄደውን። 14 ሜጋኸርዝን 56 ፒኮፋራድ አካባቢ ታገኘዋለህ፣ 7ን 220 አካባቢ፣ 18ን 34፣ 21ን 25። በአንድ ካፓሲተር አራት ባንድ። ከካፓሲተሩ ተቃራኒ በኩል፣ ቱቦውን ሳይነካ፣ 16 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ትንሽ የሽቦ ክብ አስቀምጥና ኮአክሱን እሱ ላይ አገናኝ። ትልቁና ትንሹ በሽቦ ስለማይገናኙ ለመነጠልም ይረዳል። መቆሚያው እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ይሁን።

ስትቃኝ የካፓሲተሩን ዘንግ በፕላስቲክ አስረዝመው፤ እጅህ ሲጠጋ ፍሪኩዌንሲው ይሸሻል። በጣም በዝግታ አዙር። ሽሽታው ቀስ ብሎ ያብጥና ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ያ ጫፍ ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ ቀን ታልፈዋለህ። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ እንቅስቃሴ ነው የሚፈልገው። ማርሽ ያለው ማዞሪያ ብታገኝ ሕይወትህ ይቀላል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሽሽታው ከፍ ማለቱ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ከሪሲቨሩ የራሱ ጫጫታ በልጧል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አምፕሊፋየር መጨመር ከንቱ ድካም ነው።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ አከራይህ የሳተላይት ዲሽ እንዳይከለክልህ የሚጠብቅህ የኤፍሲሲ (የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን) ደንብ ለአማተር አንቴና አይሠራም። «ሕግ አለኝ» ብለህ እንዳትከራከር። በረንዳ ላይ ከልብስ ማስጫው አጠገብ የቆመ የመዳብ ክብ ግን ማንም ልብ አይለውም።

ፈቃድ ስላለህ በዚሁ ሉፕ ልላክ ብለህ ማሰብህ አይቀርም። በዚህ ካፓሲተር እንዳትሞክረው። በ100 ዋት ካፓሲተሩ ላይ ወደ 4 ሺ ቮልት ሊነሳ ይችላል፤ የሬዲዮ ካፓሲተር ብልጭ ብሎ ይቃጠላል፣ የነካው እጅም እንደዚያው። ለመላኪያ ሌላ ካፓሲተርና ከሰው ርቀት ያስፈልጋል፤ እሱ ሌላ ቀን ይጠየቅ።

ሉፕ የማይፈታውም አለ። የመብረቅ ጫጫታ ከሺ ኪሎሜትሮች ርቀት፣ ከብዙ አቅጣጫ፣ በአዮኖስፌር በኩል ይመጣል፤ ለእሱ ጀርባ መስጫ የለም። በሞቃቱ ወራት አመሻሽ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ 7 ሜጋኸርዝ ሲሰነጣጠቅ ሉፑን አትውቀስ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ከተለያየ አቅጣጫ የሚረብሹህ ከሆነም አንዱን ብቻ ነው የምታስወግደው፤ የሚጮኸውን ምረጥ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ከቻርጀሩና ከብሬከሩ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ፌራይቶቹን አደርጋለሁ፤ በአሁኑ ሽቦህም ቢሆን። ኤስ8ቱ ወደ 6 ከወረደ አትደነቅ። ሉፑን ከዚያ በኋላ ሥራ። ኢቲ3ኤኤ አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለ የክበብ ጣቢያ ነው። ኦፕሬተር ሲኖር ነው የሚሠራው፣ ቀን ሙሉ አይጠብቅህም። አዲስ አበባ ፀሐይ ስትጠልቅ አንተ ጋ ረፋድ ነው፤ ከዚያ ሰዓት ጀምረህ እስከ አመሻሽህ 14ን፣ 18ንና 21ን እየቀያየርክ ስማ። ሉፑን ጀርባውን ለጫጫታው አድርገህ ጠርዙ ወደ 66 ዲግሪ የቀረበ ከሆነ፣ ከአንቴና በኩል የቀረህ ነገር የለም። ፌራይቱን አድርገህ የጫጫታውን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ሻካራው ነው ጉብታው የሚለውንም ንገረኝ።